ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት

ሄርማታ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር ግቢ፣
አንድ መስመር ለአምስት ቤት፤ አራት ሜጋ ብቻ ገቢ።
ሂሳቡን በየወሩ፣ አዋጥተን ነው የምንከፍለው፤
ሳጥኑ ግን እኔ ክፍል፣ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው።
አረንጓዴ ዓይኑን ሌሊቱን፣ እያርገበገበ የሚያነጋ፣
የእኔን ግድግዳ ተደግፎ፣ ለሌላው ቤት የሚተጋ።
የይለፍ ቃሉን ያወጣሁ፣ ቁልፉ በእጄ ያለው እኔ፣
እንደ ቦኖ ውሃ ሻጭ፣ ተራ አስከባሪ በዘመኔ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ከየሥራው ሲመለስ፣
መስመሩ የሐሙስ ገበያ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲተራመስ፣
ኪያር ላይኛው ክፍል ሆኖ፣ የጦር ጨዋታ ያወርዳል፤
የረምላ የፋርማሲ መምህር፣ አፉን እንደከፈተ
ዝም ለማለት ይገደዳል።
ሙራድ በርጩማ ጠርቦ፣ ፎቶውን ለገዢ ሲሰድ፣
ሁለት እግሩ አዳማ ደርሶ፣ ሦስተኛው ቀረ በመንገድ።
እትዬ ሸምሲያ ብቻ፣ ምንም ብለው አያውቁም፤
ቢሄድም ቢቆምም መስመሩ፣ ለምን ብለው አይጠይቁም።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዞኝ፣ የሳጥኑን ሆድ ገባሁበት፤
የየቤቱን ስም ጻፍኩና፣ ልክ ልኩን ሰጠሁበት።
ለረምላ አንድ ሜጋ ተኩል፤ ፈተናዋ ደርሷልና።
ለሙራድ አንድ። ለኪያር ግማሽ፤
ጎረምሳ ነው፣ መጽሐፍ ያንብብ፣ ይተኛና።
የቀረችውን ጠብታ ለእትዬ፣
አሮጊት ምን ያወርዳል ብዬ፤
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ኪሎቢት።
የራሴ ስም ፊት ለፊት ያለችውን ባዶ ቦታ
ዳኛ ነኝና አለፍኳት።

ሦስት ሳምንት ግቢው ሰላም፣ ሦስት ሳምንት ምስጋና በላሁ፤
ኪያር ብቻ ፊቱን አዞረ፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ።

የአረፋ ዋዜማ፣ የመብራት መዋጮ ልሰበስብ
ታችኛው ቤት ጎራ አልኩ።
ታብሌቱ የስኳር ጣሳ ተደግፏል። ኢክራም ናት፣ ከሻርጃ፤
ፊቷ በካሬ በካሬ ተቆራርጦ፣ አንድ ዓይኗ ተከድኖ፣
አፏ «እማ» ሊል ሲል ደርቆ።
እሳቸው ግን ያወሩላታል።
ለደረቀው ፊት ያወራሉ፤ ስለ በጉ ዋጋ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣
ስለ ጉንፋናቸው፤
ድንገት ከተንቀሳቀሰች ቃል እንዳያመልጣት።

«እዚያ ማዶ ኔትወርክ የለም» አሉኝ፣ ወንበር እየሳቡልኝ፤
«ምድረ በዳ ውስጥ ነው መሰል የሚያኖሯት።
ይኸው ሦስት ሳምንቷ እንዲህ ስትሆን።
ድሮ ስትስቅ እንኳ አያት ነበር።»

ሦስት ሳምንት።
የመብራቱን ገንዘብ ሳልቀበል ወጣሁ።
ግቢው ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዬን ዋጠው፤ አልተመለስኩለትም።
ክፍሌ ስገባ ኮምፒውተሬ
ማንም ሳያዘው ራሱን ሲያድስ አገኘሁት፤
ያቺን ባዶ ቦታ ተመርኩዞ፣ ልክ የለሽ፣
ማንም ለማያነበው ነገር፣ ከሁለት ሜጋ በላይ ሲጎነጭ።

የእትዬን ቁጥር አጠፋሁና፣ አንድ ሜጋ ጻፍኩበት።
ከራሴ ስም ፊት ለፊትም፣ እጄ እየከበደኝ፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት።

ግድግዳው ስስ ነው። ከታች ድምፅ መጣ፣ ሙሉ፣ ያልተሰባበረ፤
«እማ? እማ፣ ይሰማል? ምነው ዝም አልሽ?»
ያን ሁሉ ሲያወሩ ያመሹት ሴት
አሁን አንድ ቃል አጡ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።
ሻርጃ ኔትወርኳን እንዳስተካከለች ያምናሉ፤
አላህ ይስጣቸው ይላሉ፣ ለማያውቋቸው የሻርጃ ሰዎች።
በነጋታው የአረፋ ሥጋ ላኩልኝ፤
ሳህኑ ሞልቶ፣ ከጠርዙ እየፈሰሰ፣ ማንም ሳይለካው።
ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም።
ምን እንደማኖርበት ጨንቆኝ
ይኸው ሳጥኑ ሥር ተቀምጧል፣ አረንጓዴ እየበራበት፤
እኔም አንዲት ገጽ እስክትከፈት
ክቡ ሲዞር፣ ሲዞር አያለሁ።